ሁሉም እንዲገባ

«መሬቱን ለክስ ፎቶ ልታነሳው ነው የመጣች። አንቺ ደሞ ድንች ትቀቅይላታለሽ።»

ስማቸው ይህን ያለው ደጅ ቆሞ ለእናቱ ነው። እህቱ ማሬ ከግድግዳው ወዲህ፣ መደብ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀሰች ትበላ ነበር። የጭቃ ግድግዳ የጉና ተራራን ብርድ በመጠኑ ይመልስ እንደሆነ እንጂ ወሬ አይመልስም። «ቀስ በል፣ ትሰማለች» ስትል እናቷንም ሰማቻት። ከዚያ በኋላ የተሰማው የስማቸው ቦቲ ጫማ ብቻ ነው፤ ጓሮውን ዞሮ ወደ ማሳው ወረደ። እማ ተመልሳ ስትገባ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ምነው፣ ጨው አነሰው?» አለቻት። ማሬም ምንም እንዳልሰማች ሁሉ «ኧረ ደኅና ነው» አለች። በዚህ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ የሚኖረው እንዲህ ነው። ወንድምና እህት ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት በእናታቸው በኩል ነው፤ እናትየው ደግሞ ያልተላከውንም ሰላምታ እየጨመረች ታደርሳለች።

ነገሩ ግን ስማቸው እንዳለው አልነበረም። ማሬ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን ከደብረ ታቦር ማለዳ ተሳፍራ፣ ገሳይ ወርዳ፣ የአርባ ደቂቃ መንገድ በእግሯ የመጣችው ሌንስ ልትሞክር ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት፤ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ጋውን የለበሰ ተመራቂ ታነሳለች። ሰሞኑን አንድ አዲስ ሆቴል የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፎቶ ሊሸፍን ፈልጎ አስጠራት። ባለቤቱ የሚፈልገውን ሲነግራት ሁለት እጁን ዘርግቶ «ጉናም፣ ማሳውም፣ ሰማዩም፣ ሁሉም ይግባ» አላት። በእሷ ሌንስ ጉና ከገባ ማሳው ይቀራል፤ ማሳው ከገባ ጉና አንገቱ ይቆረጣል። ስለዚህ ገበያው ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡት ጋሽ ሙስጠፋ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሙስጠፋ ከዱባይ የመጣ፣ ያገለገለ፣ ሰፊ ቦታ የሚያስገባ አሥራ አራት ሚሊሜትር ሌንስ ነበራቸው፤ የፊት መስታወቱ እንደ በሬ ዓይን ወደ ውጭ ያበጠ፣ ዋጋው አርባ ሁለት ሺህ ብር፣ ቅናሽ የለም። «ውሰጂና ሞክሪው» አሏት። «እስከ መግሪብ ያንቺ ነው። ከወደድሽው ይቅር፤ ካልወደድሽው ሳይጫር ትመልሽልኛለሽ። መሐል መሐሉን አትዪ፤ መሐሉን ማንኛውም ሌንስ ያሳምረዋል። ዳር ዳሩን እዪ።» ጉና ደግሞ ከእናቷ ጓሮ አሻግረው ሲያዩት እንደሚያምረው ከየትም አያምርም። የመጣችው ለዚህ ነው። ዓምና ቢሆን ኖሮ ግን ስማቸው አልተሳሳተም ነበር፤ ዓምና ማሬ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ ዋጋ ጠይቃ ነበር።

ጠቡ የጀመረው ከአንድ ፎቶ ነው። ማሬ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አባታቸው ሞቱ። ሽማግሌዎች መሬቱን በገመድ ለክተው ለሁለት ከፈሉት፤ ዕጣ ተጣለ፤ ከቤቱ በኩል ያለው ላይኛው ለስማቸው፣ ወደ ወንዙ ያለው ታችኛው ለማሬ ወጣ። «የኔን አሳየኝ» ብላ ላከችበት። እሱም እሷው በላከችለት ስልክ አንስቶ ላከላት። ፎቶው የደረሳት የአሠሪዎቿን ልብስ ስትተኩስ ነው። የስማቸው ድርሻ እንደ ኳስ ሜዳ ተንጣሏል፤ ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ ያለው የእሷ ድርሻ የመቀነት ያህል ቀጥኗል። መሬቱን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ የማታውቀው ድንበሩ የት ላይ እንዳረፈ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ፎቶው ነገራት። ደወለችና «በላክሁልህ ስልክ የኔን መሬት ቆርሰህ ላክህልኝ? ሰው መስለኸኝ ነበር» አለችው። መልሱን ሳትሰማ ዘጋች። አገሯ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ከቤቱ ጀርባ ካለው የባሕር ዛፍ መስመር አልፋ አታውቅም፤ ካየሁት ያመኛል ትላለች። መሬቷን በእኩል የሚያርሰው ስማቸው ነው፤ በየዓመቱ ድርሻዋን ገብስና ድንች በሚኒባስ ጭኖ ይልክላታል። ገብሱንም ድንቹንም መልሳ አታውቅም። ቂም ሌላ፣ ድንች ሌላ።

እጇን ታጥባ ካሜራዋን ከቦርሳ ስታወጣ እማ የታጠፈ ልብስ እየፈታች መልሳ ታጥፍ ነበር። ግድግዳው ላይ የአባታቸው ጉርድ ፎቶ፣ ማሬ ከጅዳ በላከችው ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ፣ መስኮቱ ላይ፣ ያ ስልክ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ከሶላሩ ሽቦ ጋር ተያይዟል። ማሬ ስልኩን እንዳላየች ሆና አለፈችው። «ፎቶው ለምንድን ነው ልጄ?» አለች እማ፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ።

«ለሆቴል ነው እማ። ጉናን ነው የማነሳው።»

«ጉናን» አለች እማ፤ ፊቷ ፈታ አለ። ያን ጊዜውኑ ሮጣ ለስማቸው ልትነግረው እንደፈለገች ያስታውቃል፤ ግን ልጄ ትታዘበኛለች ብላ ነው መሰለኝ ወደ ልብሱ ተመለሰች።

ኅዳር ነው። ሰማዩ ከክረምቱ ታጥቦ ወጥቷል፤ ጉና ከእግሩ እስከ አናቱ ይታያል። ማሬ መጀመሪያ የፈተነችው የጓሮውን አጥር ነው፤ መጥፎ ሌንስ ቀጥ ያለውን ነገር ያጎብጣልና። ትራይፖዱን ተከለች፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብባ አነሳች፣ ስክሪኑ ላይ እያጎላች አራቱንም ጥግ መረመረች። ቅጠሉ እስከ ጥጉ ድረስ ጥርት ብሏል። የአጥሩ እንጨት ዳር ዳር ላይ ትንሽ ተለጠጠ እንጂ አልጎበጠም። ፀሐይን በጥግ አስገብታ ሞከረች፤ ፎቶው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ጣለባት፤ ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ሙስጠፋን እየመረቀች ነበር። ወደ ጉና ስታዞረው ግን ምርቃቱ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰማይ የሚደግፍ የሚመስላት ተራራ የምስጥ ኩይሳ አክሎ ከሩቅ ቁጭ አለ። አጠገቧ የነበረችው የዶሮ ውኃ ማጠጫ ጣሳ በርሜል አክላለች። ካሜራውን ትታ በዓይኗ አየች፤ ጉና እዚያው ነው፣ እንደ ድሮው ነው። በሌንሱ አየች፤ ጉብታ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ምሳ እየበላ ኩይሳ ሲመለከት ታያትና ተናደደች። «አርባ ሁለት ሺህ ብር» አለች ለራሷ።

እንዲህ ያለው ሌንስ ከፊት ለፊቱ አንድ የሚሞላ ነገር ካላስቀመጡለት ባዶውን እንደሚያገዝፍ በስልኳ ካየቻቸው ትምህርቶች ታውቃለች። ጓሮው ውስጥ ያለው ጣሳና ዶሮ ነው። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ግን የደረሰ ገብስ አለ፤ ቢጫው እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጉና ይነሳል። የሆቴሉ ሰውዬ የሚፈልገው ሁሉ እዚያ ነው። ማሬ ትራይፖዱን በትከሻዋ አድርጋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ «እንግዲህ የሥራ ጉዳይ ነው» ብላ ለራሷ ምክንያት ሰጠችና ዛፎቹን አለፈች። ስማቸው ከታች፣ ወደ ወንዙ፣ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ከርቀት ስታየው እያጨደ ያለው የእሷን ገብስ ነው፤ የራሱን ገና አልነካውም። ቀና ብሎ አላያትም፤ ማጭዱ ግን ፈጠነ።

ካሜራውን ላይኛው ጥግ ላይ፣ ገብሱ ሥር ዝቅ አድርጋ ተከለችው። ዛላው ከፊት ግዙፍ ሆኖ፣ ማሳው ወደ ታች እየወረደ፣ ጉና ከላይ። አነሳች። ስክሪኑን አየች። ይህን ፎቶ ታውቀዋለች። ከፊት ያለው የስማቸው ማሳ እንደ ኳስ ሜዳ ተንጣሏል፤ ድንበሩ ወደ ላይ ተሰቅሎ ጠርዙን ሊነካ ነው፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የእሷ ድርሻ መቀነት ነው። ያው መቀነት ነው። ቀና ብላ በዓይኗ አየች፤ የድንበሩ ድንጋይ ከማሳው መሐል ቆሟል። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች፤ ድንጋዩ ሸሽቷል። ትራይፖዱን እንደተዘረጋ ታቅፋ፣ በማሳው ዳር ባለው ሣር ላይ፣ በስማቸው አጠገብ አልፋ እስከ ወንዙ ወረደች። ታችኛው ጥግ ላይ ተክላ፣ ወደ ቤቱ አዙራ፣ ያንኑ ፎቶ አነሳች። አሁን ኳስ ሜዳው የእሷ ነው። የስማቸው ድርሻ መቀነት ሆኖ ከባሕር ዛፉ ሥር ተጠቅልሏል።

መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው። «ወንድሜ አልሰረቀኝም» አለች ለራሷ። ከደስታው ኋላ እፍረቱ መጣ። ከእፍረቱም ኋላ ጥርጣሬ መጣ፤ ፎቶ አንድ ጊዜ ከዋሻት ሁለተኛውን በምን ታምነዋለች? ተነሳችና ከወንዙ ዳር ጀምራ ድምጿን አጥፍታ እየቆጠረች በእርምጃ መለካት ያዘች።

«በእርምጃ አይለካም።»

ስማቸው ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከፊቷ ቆሟል። በሦስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «ዳኛ ፊት እርምጃ አይያዝልሽም። ቆይ» አለና ወደ ቤት ወጣ። ሲመለስ የተጠቀለለ የቃጫ ገመድ ይዟል። ሽማግሌው አያ ይሻው ያን ጊዜ የለኩበት ገመድ ነው፤ ከጎተራው ጀርባ ሰቅሎ ለዚህ ቀን አስቀምጦት ኖሯል። ጫፉን እግሯ ሥር ወረወረው። «ያዢ።»

ለክስ እንዳልመጣች ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ሌላውን ጫፍ ይዞ ሄዷል። እንግዲህ ይለካ ብላ ያዘች። ከላይ ጀመሩ። ገመዱ ይወጠራል፣ ስማቸው በተረከዙ ምልክት ያደርጋል፣ እሷ ምልክቱ ድረስ ትመጣለች፣ እንደገና ይወጠራል። የሚሰማው የገብሱ መንኮሻኮሽና ከወንዙ ማዶ የሚጮህ አህያ ነው። የስማቸው ድርሻ ስድስት ገመድ ሆነና ድንበሩ ድንጋይ ላይ ልክ ቆመ። የእሷም ስድስት ገመድ ሆነ፤ ወንዙ ግን ገና ነበር። ስማቸው ጎንበስ ብሎ የቀረውን በክንዱ ለካ።

«ሦስት ክንድ» አለ።

«የምን ሦስት ክንድ?»

«ታችኛው ጭንጫ አለበት ብለው አያ ይሻው የጨመሩልሽ ነው። እኔም ይገባታል ብያለሁ። ይኼንንም ለዳኛው ንገሪው።»

«ዳኛ የለም» አለች ማሬ። ካሜራውን አመጣችና ሁለቱን ፎቶ አከታትላ አሳየችው፤ ከላይ የተነሳውን፣ ከታች የተነሳውን። ሌንሱ የቀረበውን እንደሚያገዝፍ፣ የራቀውን እንደሚያሳንስ፣ ጉናን ራሱን ምን እንዳደረገው፣ የስልኩም ሰፊ ሌንስ እንደዚሁ መሆኑን ነገረችው። ስማቸው ላቡን በክንዱ ጠርጎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ የመጀመሪያውን እንደገና ጠየቃት። ከዚያ እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ሁሉም እንዲገባ ብዬ ነው» አለ። «አሳየኝ ስትይ፣ መሬቱ ስልኩ ውስጥ አልገባ አለኝ። ስክሪኑን በጣቴ ሰብሰብ ሳደርገው መሬቱ ራቅ ብሎ ሁሉም ገባ። ደስ ብሎኝ ላክሁልሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ስማቸው?»

«ምኑን? እኩል ነው ልልሽ ስል ዘጋሽብኝ። ፎቶው እንደሚዋሽ በምን ልወቅ? አንቺ ከተቆጣሽ በኋላ እኔም ፎቶውን ሳየው ደነገጥሁ። የአያ ይሻውን ገመድ ለምኜ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ለካሁት።»

ብቻውን ገመድ ሲወጥር፣ ጫፉን በድንጋይ ተጭኖ ሲሮጥ ታያት። ማልቀስ አልፈለገችም፤ በድዬሃለሁ ብሎ ቁጭ ማለት ግን አልበቃ አላት። ባገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። ዙሪያዋን አየች። ጭንጫው ጠጠር ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ማሳ ደግሞ ዘመኑን ሙሉ የተለቀመ ነው። ከማሳው ወገብ ላይ አንድ ደኅና ድንጋይ አየችና እየተጣደፈች ወጣች፤ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ታግላ ከመሬት ነቀነቀችው፣ ወደ ትከሻዋም ልታነሳው ስትል ስማቸው ከኋላዋ ጮኸ።

«እታለም፣ ተዪው! የድንበር ድንጋይ ነው!»

ማሬ ድንጋዩን እንዳቀፈች ቀረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ድንበር ገፋ ብላ ያኮረፈች ሰው፣ ድንበሩን ነቅላ ትከሻዋ ላይ ልትጭነው ነበር። ስማቸው ሮጦ ደረሰና ከሌላው ጎን ያዘ፤ ሁለቱም ተንበርክከው ወደ ጉድጓዱ መለሱት፤ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በወሰኑ ሣር አስተካከለ፣ በቦቲው አፈር ደለደለ፣ እንደገና ጨፍኖ አየ። ቀድሞ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሳቁ ግን እንዳይቆም ሆኖ ነው የያዛቸው። «ሌላ ድንጋይ ላምጣልሽ?» አላት። «አምጣልኝ» አለችው። «ተይው አሁን፤ ገብስ አብረሽኝ እጨጂ፤ ይበልጣል» አለና በእጁ መዳፍ ዓይኑን ጠረገ። እታለም ብሎ ከጠራት ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ሁለቱም አስተውለዋል።

እማ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆና ገመድና ማጭድ አይታ የተጣሉ መስሏት ኖሮ ነጠላዋ እየተጎተተ ቁልቁል ትሮጣለች። እንደደረሰች ትንፋሿ ተቆርጦ ከአንዱ ወደ ሌላው ማየት ብቻ ሆነ። ስማቸው አቅፎ አስቀመጣት። «ምንም አይደለም እማ። ፎቶው ነው። ያን ጊዜ ለማሬ የላክሁላት ፎቶ መሬቱን አሳንሶባት ነው።»

«የቱ ፎቶ? እኔ ያለሁበት?»

ማሬ ሳቋ ቆመ። «አንቺ የት አለሽበት?»

«ታች ነዋ፣ ወንዙ ዳር። ‹እማ ዳሩ ላይ ሂጂና ቁሚ፣ ማሬ መጨረሻውን ትይ› አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምሁ። እጄን አንስቼ ሰላም ብዬሽ ነበር።» እማ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ገለባ መልቀም ጀመረች። «ምንም ሳትይኝ ስትቀሪ ጊዜ፣ አልታየሁ ይሆናል ብዬ ተውሁት።»

ማሬ ስልኳን አወጣች። ፎቶው አለ፤ ለክስ ይሆናል ብላ ስታስቀምጠው ኖራለች። በሁለት ጣቷ ከፈተችው። ከመቀነቱ መጨረሻ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ ሁልጊዜ ድንጋይ ትመስላት ነበር። አጎላቻት። ነጠላ ነው። ከነጠላው በላይ የተነሳ እጅ አለ። ይህን ፎቶ ጅዳ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፎቶ ቤቷ ደንበኛ ስትጠብቅ ስንቴ እንዳየችው እሷ ታውቃለች፤ መሬቷን ስትሰፍር እናቷን አላየችም። እናቷን አይታ ቢሆን ኖሮ፣ እሷን ያንን ያህል ያሳነሰ ርቀት መሬቷንም እንደሚያሳንስ ያን ጊዜ ይገባት ነበር። ከመሬቱ ይልቅ ያሳፈራት ይህ ነው።

«ታየሁ?» አለች እማ።

«ትታያለሽ እማ» አለች ማሬ። ሄዳም እናቷ ጉልበት ላይ ራሷን አስደገፈች። እማ ፀጉሯን እየዳሰሰች «እንግዲያ አሁን አንሺኝ» አለች። «ግን ርቄ አልቆምም፤ በቃኝ።»

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መግሪብ ሳይደርስ ደብረ ታቦር ገብታ ለጋሽ ሙስጠፋ ቁርጡን መንገር አለባት፤ ስማቸው ትራይፖዱን ተሸክሞ ገሳይ ድረስ ሊሸኛት ተነስቶ ቆሟል። ማሬ ሌንሱን ልትገዛው ወስናለች። ወደ ላይኛው ጥግ ወጡና እናቷን ከካሜራው አንድ እርምጃ ላይ አቆመቻት፤ ዳር ከሆነች ስለሚለጥጣት በትክክል መሐል ላይ። ስማቸው ነጠላዋን አስተካከለላትና ከፍሬሙ ወጣ። ከኋላዋ ሁለቱም ማሳ አንድ ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰማዩም ገብቷል፣ ወንዙም ገብቷል። ማሬ አነሳችና ስክሪኑን አዙራ አሳየቻት። እማ በእጇ ፀሐዩን ጋርዳ ብዙ አየች።

«ውይ፣ ጉናን የት አደረግሽው?»

«ከኋላሽ ነው እማ። ትከሻሽ ላይ ያለችው ጉብታ።»

እማ ዞር ብላ ተራራውን አየች፤ ተመልሳ ስክሪኑን አየች። «ይሁን» አለች። «እሱ የትም አይሄድም።»